ከተበላሸ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ መረጃን መልሶ ማግኘት

ሰነድና ፎቶግራፍ የተቀመጠበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መሥራት ቢያቆም በውስጡ ያለው መረጃ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ከብልሽቱ በኋላ የሚወሰድ የተሳሳተ እርምጃ ሊተርፍ የሚችለውን መረጃ ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም ማንኛውም ተጠቃሚ በቅድሚያ ዲስኩ ላይ አዲስ ፋይል ከመጫን ሊቆጠብና የብልሽቱን ዓይነት ሊለይ ይገባል።

1. ዲስኩ በኮምፒውተር ላይ የማይታይ ከሆነ

ያልተለመደ ድምፅ ከሌለ ችግሩ የገመድ ወይም የኃይል አቅርቦት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ገመድ፣ በሌላ የዩኤስቢ ማስገቢያና በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ይመከራል። ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ከዩኤስቢው በተጨማሪ የራሳቸው አዳፕተር ስለሚያስፈልጋቸው አዳፕተሩም መፈተሽ አለበት።

2. ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ ጥያቄ ከቀረበ

ይህ መልእክት የፋይል ማውጫው መጎዳቱን ሊያመለክት ስለሚችል ጥያቄውን አለመቀበል ያስፈልጋል። የስሕተት ማረሚያ ፕሮግራምም በዲስኩ ላይ ለውጥ ስለሚያደርግ አስቀድሞ መጠቀም አይገባም። በመጀመሪያ እንደ ዲዲሬስኪው ባለ ነፃ ፕሮግራም የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰዳል። ቀጥሎ ቴስትዲስክ ወይም ፎቶሬክ በተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ፍለጋው በቅጂው ላይ ይከናወናል።

3. ዲስኩ ተደጋጋሚ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ

ዲስኩ ወዲያውኑ ከኃይል መነቀል አለበት። የማንበቢያው ራስ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ የሚንሳፈፍ በመሆኑ፣ ራሱ ከተጎዳ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ዲስኩን በቤት ውስጥ መክፈት አቧራ፣ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥም እርጥበት ስለሚያስከትል ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ሥራው ከአቧራ የጸዳ ክፍልና ልዩ ባለሙያ ይጠይቃል።

ለባለሙያ ሲሰጥ

ተገልጋዩ የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ የአገልግሎቱ ዋጋና የምስጢር ጥበቃ ግዴታ የተገለጸበት ጽሑፍ ሊቀበል ይገባል። አንዳንድ ዲስኮች መረጃን የሚያመሰጥሩት በማቀፊያቸው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ስለሆነ ዲስኩ ከነማቀፊያው መቅረብ አለበት። በቢትሎከር የተቆለፈ ዲስክ ካለይለፍ ቃሉ ወይም 48 አኃዝ ካለው የመክፈቻ ቁልፍ ውጪ ሊነበብ አይችልም።

ማሳሰቢያ

የጠቃሚ ሰነዶች ቅጂ ቢያንስ በ3 ቦታ፣ በ2 የተለያዩ የማስቀመጫ ዓይነቶች እንዲሁም 1ዱ ከመኖሪያ ወይም ከሥራ ቦታ ውጪ እንዲቀመጥ ይመከራል። በዲስክ ላይ የሚገኝ ቅጂ ዋናውን ሰነድ ስለማይተካ ዋናው በጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባል።