ከዝሆን ጥርስ እስከ ቲታኒየም፤ ለሺሺንዳ አዛውንት የሚበጀው የቱ ነው?

የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር እጅ እስኪወድቅ ድረስ ከቦንጋ ገበያ ከሚወጡት ሸቀጦች አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ባለጸጋ ጥርሱ ሲረግፍ የሚያሠራው ምትክም ከዝሆን ወይም ከጉማሬ ጥርስ የተቀረጸ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ ጆን ግሪንዉድ የሠራለትም ከጉማሬ ጥርስ ተፈልፍሎ በሞላ የሚደገፍ ነበር። እንዲህ ያለው ምትክ ምራቅ እየጠጣ ይበሰብሳል፣ ይሸታልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጠነከረ ጎማ መጥቶ ዋጋውን ቀነሰው፤ ቀጥሎ በፕላስቲክ ተተካ። ማቴሪያሉ በየዘመኑ ቢሻሻልም አንድ ጉድለት ግን አብሮ ዘልቋል፤ ሁሉም ድድ ላይ የሚቀመጡ እንጂ አጥንት ውስጥ ሥር ያላቸው አልነበሩም።

ጉድለቱ ቀላል አይደለም። የመንጋጋ አጥንት መጠኑን የሚጠብቀው የጥርስ ሥር በማኘክ ጊዜ ጫና ስለሚያሳርፍበት ነው። ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ ሥራ ፈትቶ ከዓመት ዓመት ይሟሽሻል። አንትዬ ታልግሬን የተባለች ተመራማሪ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው ጥናት የታችኛው መንጋጋ የሚያጣው ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይታለች። የላይኛው ምትክ በላንቃ ላይ ተጣብቆ ይቆማል፤ የታችኛው ግን ምላስ እየገፋው፣ መደገፊያው አጥንትም እየሳሳ ይንሸራተታል። ብዙዎች ያሠሩትን ጥርስ መሳቢያ ውስጥ አኑረው በድዳቸው መብላት የሚመርጡት በዚህ የተነሳ ነው።

ምትክ ጥርስን አጥንት ውስጥ የመትከል ሐሳብ ግን ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 በሆንዱራስ የተገኘ፣ ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የማያዎች መንጋጋ ከዛጎል የተቀረጹ ሦስት ጥርሶች ተተክለውበታል፤ በ1970 የተነሳው ራጅ በዙሪያቸው አጥንት እንደበቀለ አሳይቷል። ነገሩን በሳይንስ መሠረት ላይ ያቆመው ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። በ1952 የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል የእግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ ያስገባል። ሊያወጣው ሲሞክር አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ አልላቀቅ አለው። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1965 በጎተንበርግ ለጎስታ ላርሶን፣ መንጋጋው ከልደት ጀምሮ ችግር ለነበረበት ሰው፣ በታችኛው መንጋጋ አራት የቲታኒየም ሥሮች ተከለለት። ላርሶን በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግለውታል። የሙያው ዓለም ለረጅም ጊዜ ተጠራጥሮ የተቀበለው በ1982 በቶሮንቶ ከተካሄደው ጉባኤ ወዲህ ነው። በ1998 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ ሙሉ ድርድር ጥርስን በአራት ሥሮች ብቻ፣ የኋለኞቹን ሁለቱን አዘንብሎ፣ መሸከም እንደሚቻል አሳየ።

ዛሬ የጥርስ ተከላ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህን የመጨረሻውን፣ በየመንጋጋው ከአራት እስከ ስድስት ሥር ተተክሎ የማይነቀል ድርድር የሚታሰርበትን ሕክምና ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ሺሺንዳና ለመሰሎቿ የሚበጀው ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በታችኛው መንጋጋ ሁለት ሥር ብቻ፣ በእነሱ ላይ ጠቅ ብሎ የሚገባና የሚወጣ ተነቃይ ጥርስ፣ በላይኛው ደግሞ የተለመደው ምትክ። ይህ ለድሃ የተጣለ ፍርፋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ ለሌለው የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው እንዲሆን ተስማምተዋል፤ ውሳኔው የተሰጠውም በሀብታም አገር ነው። ሁለት ሥር የታችኛውን ጥርስ ከመንሸራተት ያድነዋል፣ በዙሪያው ያለውንም አጥንት ያቆየዋል። አዛውንቱም ማታ አውጥቶ ሊያጸዳው ይችላል።

ወባ ባለበት፣ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ጥርስ መትከል ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ክብደት አለው፤ ማንም ከክትባት በጀት ቀንሶ የቲታኒየም ሥር ይግዛ አልልም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ሰዎች መካከል 23 ከመቶው ጥርስ እንደሌላቸው ገምቷል። ጥርስ ማጣት የመላ አካል ጉዳይ ነው። የካፋ ምግብ ቆጮና ቡላ ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ አያስፈልግም የሚለው መከራከሪያማ ይብሱን ይከፋል። እንሰት ኃይል ሰጪ ነው እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጉድለቱ የሚሞላው በሥጋ፣ በባቄላና በጎመን ነው። ማኘክ ያቃታቸው አረጋዊት ከማዕዱ ቆጮውን ብቻ አንስተው ሌላውን ሲተዉ ጉዳቱ ዝም ብሎ ይከማቻል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክትትሉ ነው። የተተከለ ሥር እንደ ተፈጥሮ ጥርስ አይቦረቦርም፤ በዙሪያው ያለው ድድ ግን ይመረቅዛል፣ አጥንቱም ይበላል። ስኳሩ ያልተስተካከለና ትምባሆ የሚያጨስ ሰው የበለጠ ይጎዳል። ጥርሱን ከሥሩ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣም ይላላል፣ ይለወጣልም። አንድ ሰው መሬቱን አከራይቶ አዲስ አበባ ሙሉ ድርድር ቢያስተክልና በሦስተኛው ዓመት ድርድሩን የያዘው ብሎን ቢላላ፣ ለአንድ ጥብቂያ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። የሁለት ሥር ሕክምና ብልጫው እዚህ ላይ ይጎላል፤ ማያያዣ ጎማውን የሠለጠነ የጥርስ ባለሙያ በደቂቃዎች ይቀይረዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ጤና ቢሮ እና የጥርስ ሐኪም ለሚያሠለጥነው ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተከላው በጅማ ይሁን፤ ክትትሉና የተነቃይ ጥርስ ሥራው ደግሞ ቦንጋ በሚገኘው በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይደራጅ። አንባቢም ሊድን የሚችል ጥርስን ለመንቀል አይቸኩል፤ ተከላ የሚያቀርብለትን ሐኪምም ከዋጋው በፊት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚያይለት ይጠይቅ።