የብርሃን መሣሪያዎች ስሞች ፍልሰት፦ ከሐይቅና ከአምባሰል በመነሣት

አንድ መሣሪያ በሌላ ሲተካ ስሙ ሁልጊዜ አብሮት አይጠፋም፤ አንዳንዱ ስም በአጠገቡ ወዳለው ነገር ይሻገራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ተርጓሚ ይህን ጉዞ ካልተከታተለ የትናንቱን ጽሑፍ በዛሬው ትርጉም እያነበበ ይሳሳታል። እኛም ከዚህ ቀጥሎ የብርሃን መሣሪያዎችን ስሞች ከሐይቅና ከአምባሰል ታሪክ በመነሣት እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 ገደማ የመነኮሳት ማኅበር መሠረቱ፤ በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት ሥዕል ያለበት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በገዳማት የሚያበራው መሣሪያ የግዕዝ ስሙ «ማኅቶት» ሲሆን፥ የወጣውም «ኀተወ» (በራ፥ ነደደ) ከሚለው ግስ ነው። ማኅቶቱ የሚቆምበት ዕቃ «መቅረዝ» ይባላል። «ጧፍ» በሰም የተለበጠ የጥጥ ፈትል ነው። በዚህ ሥርዓት የሚነደው፥ የሚይዘውና የሚያበራው ሦስቱም ለየራሳቸው ስም አላቸው። መቅረዝንና ማኅቶትን በአንድ የባዕድ ቃል የሚመልስ ተርጓሚ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። በአምባሰል መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም ለሚወጣው ምእመን ጧፍ ዛሬም ሕያው ቃል ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ቦታውን ለኩራዝና ለአምፖል ከለቀቀ ቆይቷል።

ከውጭ በገቡት ስሞች ይህ የሦስትዮሽ ወሰን ይፋለሳል። «ሻማ» የዐረብኛው «ሸምዕ» ነው፤ የዚያም ቃል መነሻ ትርጉሙ ሰም ነው፤ ስለዚህ የሚነደው ነገር ስም ለሚያበራው ሆነ ማለት ነው። «ላምባ» በተቃራኒው ተጓዘ። ከግሪኩ «ላምፓስ» ተነሥቶ በዐረብኛ «ለምባ» ሲባል የመብራት ስም ነበር፤ ከድፍድፍ ዘይት የሚጣራው ነዳጅ ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዓለም ለመብራት ሲውል፥ ኋላ አማርኛ ስሙን ለነዳጁ ሰጠው። «አምፖል» በፈረንሳይኛ መነሻው ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ የሚይዘው ዕቃ ስም ለሚያበራው ተላለፈ። «ባትሪ» ደግሞ የኃይል ማከማቻውም የእጅ መብራቱም ስም ሆኖ ቀርቷል። «ባትሪ አበራ» ስንል መብራቱን፥ «ባትሪው አለቀ» ስንል ማከማቻውን ማለታችን ነው። «ባትሪ ይዞ ወጣ» የሚል ዐረፍተ ነገር የገጠመው ተርጓሚ ግን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ መዝገበ ቃላቱ ሊመራው ይገባል።

ወደ ዕይታ መሣሪያዎች ስንሸጋገር የስያሜው መንገድ ይለወጣል። በ11ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል ሀይሠም ስለ ብርሃንና ዕይታ የጻፈው መጽሐፍ «ኪታብ አል መናዚር» ይባላል፤ «መናዚር» የወጣበት ግስ የግዕዙ «ነጸረ» (ተመለከተ) ዘመድ ነው። እንግዲህ «መነጽር» በራሳችን ሥርወ ቃል የታነጸ ስም ሆኖ ሳለ ከጥንቱ የሙያው ስም ጋር በአንድ ሥር ይገናኛል። የዓይን መነጽር በኢጣሊያ የተሠራው በ1286 ገደማ፥ የሐይቁ ወንጌል ከተጻፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

የመነጽሩ ብልት ስም ግን እስካሁን ያከራክራል። «ሌንስ» እንበል ወይስ በትምህርት መጻሕፍት የገባውን «ምስሪት»? ላቲኑ «ሌንስ» ትርጉሙ ምስር ነው፤ ዐረብኛውም «ዐደሳ» ይለዋል፥ ያው ምስር ማለት ነው። ስለዚህ «ምስሪት»ን ከልክ ያለፈ ፈጠራ አድርጎ መንቀፍ አይቻልም። ከእህል ስም ማውጣትም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በግሸን የሚገኘው «መጽሐፈ ጤፉት» ስሙን ያገኘው ጽሕፈቱ እንደ ጤፍ በመድቀቁ ነው። «እብጥ ምስሪት» ቢባል ምስር የሚዘራ ገበሬ ቅርጹን ያለ አስረጂ ይገነዘባል። «ስርጉድ ምስሪት» ምስር አይመስልም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ይህ ጉድለት ግን በላቲኑም አለ፥ ልማድም ሸፍኖታል።

በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ የሐይቁ ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። በዚህም በማኅቶት ዘመን የተጻፈው መጽሐፍ በምስሪት አማካይነት በሩቅ አገር ላሉ ተመራማሪዎች ተዳረሰ።

እንግዲህ የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የብርሃን መሣሪያን ስም የሚፈታ መዝገበ ቃላት የሚነደውን፥ የሚይዘውንና የሚያበራውን ለይቶ፥ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ እንደ ሆነም ይህንኑ ያመልክት። ሁለተኛ፥ የኩራዝንና የፋኖስን ክፍሎች ስሞች በዕቃዎቹ ከተገለገሉ አረጋውያን አንደበት ዛሬ እንመዝግብ። ዕቃው በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል፤ ያልተጻፈ ቃል ግን ከተናጋሪው ጋር ያልፋል።