የገና ምሩቆች

በ1961 ዓ.ም. ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው የእናቴ ታላቅ ወንድም አንድ የብረት ሳጥን ይዞ ወልድያ ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። ከአራት ወር በፊት «ኮሌጅ ገባ» ተብሎ በግ ታርዶለት የተሸኘ ልጅ ነውና ሰፈሩ ለበዓል የመጣ መስሎት በእልልታ ተቀበለው። ጥምቀት አለፈ፣ ቃና ዘገሊላም አለፈ። እሱ ግን የመመለሻ ነገር አያነሳም። በሳምንቱ አያቴ «መቼ ነው የምትሄደው፣ ስንቅ ላዘጋጅልህ» ብትለው «ተመርቄያለሁ» አላት አሉ። ምስኪን አያቴ ዳግመኛ እልል አለች።

ቀልዱ የእሱ ፈጠራ አልነበረም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ወድቆበት ወደ ቤቱ የሚሸኘውን ፍሬሽማን የዚያ ዘመን ተማሪዎች «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይሉት ነበር። የገና ምሩቅ መሆኑ ነው። ሌላው አራት ዓመት የሚፈጀውን እሱ በአራት ወር ጨረሰ ለማለት።

አጎቴ ከዚያ ዘመን ኮሌጆች በአንዱ ስላሳለፋቸው አራት ወራት ለብዙ ዓመታት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር። እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ ወጣ ወጣ ማለት ስጀምር ግን አንድ ማታ እንደ ዘበት አወጋኝ። «እንግሊዝኛው አይደለም የጣለኝ» አለኝ። «መጽሐፉን አነበዋለሁ፤ እረዳዋለሁም። መምህሩ ግን አሜሪካዊ ነው፤ ሲናገር ቃሉን በአፍንጫው ይውጠዋል። አንዱ እጁን አውጥቶ ያቋርጠዋል። ሌላው ደግሞ ‹አልስማማም› ይለዋል። እኔ መምህርን ቀና ብዬ ማየት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም።» ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሹካ አያያዙን የሚያይበት ሰው ሳይመጣ ቀድሞ ለመብላት ይሮጥ እንደነበር ነገረኝ። ይህን ሲል ሳቀ። እኔን ሳቄ አልመጣ አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ስናየው፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬሽማኖች ይህ ሁሉ ፈተና አልነበረባቸውም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንደሚያወሳው፣ ሲጀምር 33 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። አለቃው ካናዳዊው የጀስዊት ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። ተማሪዎቹም በአብዛኛው እንደ ጄኔራል ዊንጌትና እንደ ኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ከፈረንጅ መምህር ጋር የኖሩ፣ በደወል ተነስተው በደወል መተኛትን የለመዱ ናቸው። ኮሌጅ መግባት ለእነሱ ከአንዱ አዳሪ ቤት ወደሚቀጥለው መሻገር ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ግን ነገሩ ሁሉ ሰፋ። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። ከዓመት በፊት በታኅሣሡ ግርግር መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከገጠር የመጣ ልጅ በዚያ ደጅ ደብተሩን ይዞ ሲያልፍ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የዩኒቨርሲቲውን አቋም ያጠናው ከአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ስለነበረ፣ የመንፈቅ ዓመት አከፋፈሉም፣ ከኤ እስከ ኤፍ ያለው የማርክ አሰጣጡም፣ «ፍሬሽማን» የሚለው ስም ራሱ የአሜሪካ ነው። የክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ከደሴ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከጅማ የሚመጣው ልጅ በዛ። ይህ ልጅ እንግሊዝኛን የሚያውቀው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ቤት ሲገባ እንግሊዝኛ የለም፤ ገበያ ሲወጣም የለም። መለኪያው ግን ለዊንጌቱም ለወልድያውም ያው አንድ ነው፤ የሚለካውም ገና ዶርሙን ሳይላመድ፣ ኬኔዲ ላይብረሪ ተቀምጦ መቸከልን እንኳ ሳያውቅበት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። የዚያን ትውልድ ታሪክ የጻፉልን በአብዛኛው ገናን የተሻገሩት ናቸው። «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡት፣ በኋላም ስለ ሰልፉ መጽሐፍ ያሳተሙት። ሳጥናቸውን ይዘው የተመለሱት የጻፉትን ግን እኔ እስካሁን አላገኘሁም። አጎቴ ወልድያ ውስጥ የወረዳ ጸሐፊ ሆኖ ኖረና ጡረታ ወጣ። የጻፈውም ደብዳቤ ብቻ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ሁሉ ወደ ገጠር ሲያዘምተው፣ ለጥቂት ጊዜ ፍሬሽማን የሚባል ነገር ቀረ። ተመልሶም ብዙ ዘመን ከዘለቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ የአንደኛ ዓመቱ ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ። በ2012 ዓ.ም. እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲ መለሱት። እነዚያ ተመላሽ ፍሬሽማኖች መጀመሪያ የግቢዎች ረብሻ፣ መጋቢት ላይ ደግሞ ኮሮና ጠበቃቸው፤ ሳይላመዱ ተበተኑ። ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ለቀሪው ከፊል ወገን «ሪሜዲያል» የሚባል መጠገኛ ተከፈተለት። እዚያ የገባው ልጅ ተማሪም ነው፣ ተማሪም አይደለም፤ ዶርም አለው፣ ስም ግን ገና የለውም። ድሮ በገና የነበረው ወንፊት ዛሬ ከበሩ ውጭ ወጥቶ ቆሟል እላለሁ።

የታናሽ እኅቴ ልጅ በሪሜዲያል ተመድባ ስትሄድ አጎቴን ልትሰናበት ቤቱ ወስጃት ነበር። አርጅቷል፤ ጆሮውም ደክሟል። ብር ከኪሱ አውጥቶ እጇ ውስጥ አስጨበጣትና፣

«መምህሩ ሲያስተምር እጅ አውጥቶ መጠየቅ ይቻላል አሁን?» አላት።

«ይቻላል አባባ» አለችው። «ግን ማንም አይጠይቅም።»