ከእንዚራ እስከ ማብሪያ ማጥፊያ፦ የድምፅ ቀለምን የመምረጥ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ጎንደር ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ በታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ ላይ እንግዳ እንደሚመስል አውቃለሁ። ጉዳዩ በቤት ውስጥ በተሠራ የቫልቭ አምፕሊፋየር ላይ የድምፅ ቀለም መቀያየሪያ ስለ መጨመር ነው። ነገሩን ግን ከኤሌክትሪክ አልጀምርም፤ ከበገና እጀምራለሁ።

በገና ዐሥር አውታር አለው። ከበግ አንጀት የተገመዱት አውታሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ ከእያንዳንዳቸው ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው ቁራጯን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርጋት አውታሩ ቆዳውን እየነካ ያንን የምናውቀውን ንዝረት ያሰማል። እንዚራዋ ከወጣች ድምፁ ለስላሳና አጭር ይሆናል። ቅኝቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቀለሙ ነው። ስለዚህ ቅኝትን ሳይነኩ ቀለምን መምረጥ በአገራችን ከኤሌክትሪክ አስቀድሞ የታወቀ ጥበብ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ኋላ ለምናገረው ነገር መሠረት ስለሆነ ነው።

ማሲንቆ እንዚራ የለውም። አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር፥ በቆዳ የተለበጠ ገበቴና ደጋን ብቻ። አዝማሪው ቀለሙን የሚለውጠው በጣቱና በደጋኑ አያያዝ ነው፤ ሲሻው ያለሰልሰዋል፥ ሲሻው ያሻክረዋል። የማሲንቆ ድምፅ አካሉ ያለው የሰው ድምፅ በሚገኝበት በመካከለኛው ክልል ነው። ዘፋኙና መሣሪያው አንድ ጉሮሮ የሚመስሉት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ብቻውን አልገባም፤ አምፕሊፋየሩን አስከትሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ የታተሙትን ሸክላዎች የሚያዳምጥ ሰው የጊታሩን ጠርዝ ያለው ድምፅ ይለየዋል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በእግር የሚረገጠው የዋ-ዋ ፔዳል ይሰማል። ፔዳሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ የተፈለሰፈ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ መድረሱ የዚያን ዘመን ሙዚቀኞች ንቃት ያሳያል።

አምፕሊፋየሩ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። የፌንደር ኩባንያ ባስማን የተባለውን ማጉያ ለቤዝ ጊታር ሠራው፤ ጊታሪስቶች ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1962 ጂም ማርሻል ለንደን ላይ የዚያኑ ንድፍ ቅጂ ሠራ፤ ክፍሎቹና የድምፅ ማውጫዎቹ ሌላ ስለነበሩ ሌላ ቀለም ወጣ። የሁለቱም የድምፅ ማስተካከያ ዑደት አንድ ጠባይ አለው፦ ሦስቱም መዘውሮች መሐል ላይ ቢቆሙ እንኳ መካከለኛውን ክልል ይቀንሳል። ለጊታር ይህ ደግ ነገር ነው። ማሲንቆን ግን ገላውን ገፎ አጥንቱን ያስቀርበታል።

ከዳባትና ከደባርቅ ሠርጎች የሚመለሱ ሰዎች «ማሲንቆው ይጮኻል» ሲሉ እሰማለሁ። ጥፋቱ የአዝማሪው አይደለም። መሣሪያው የሚያልፍበት ሣጥን ለሌላ መሣሪያ የተበጀ ነው። የሚያሰጋኝ ደግሞ ልጆቹ ያንን ጩኸት የማሲንቆ ተፈጥሮ አድርገው መውሰዳቸው ነው።

ስለዚህ በቤቴ በሠራሁት ማጉያ ላይ ሁለት መቀያየሪያ ጨመርሁ። የመጀመሪያው የማስተካከያውን ዑደት ከመሬት ግንኙነቱ ያላቅቀዋል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ መካከለኛውን ክልል ሳያጣ ያልፋል፥ ድምፁም ይጐላል። ሁለተኛው ባለሦስት ማረፊያ ሲሆን በመጀመሪያው ቫልቭ ካቶድ ላይ ይሠራል። በአንዱ ማረፊያ 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይገባና ወፍራሙም ቀጭኑም አብሮ ያድጋል፤ በሌላው 0.68 ማይክሮፋራድ ይገባና ከፍ ያለው ክልል ብቻ ይነሣል፤ በመሐለኛው ምንም ካፓሲተር የለም፥ ድምፁ ዝግና ገር ይሆናል። ስዊቹ ሲገለበጥ እንዳይፈነዳ በመገናኛዎቹ መካከል 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ማገናኘት ይበቃል።

ለተማሪዎቼ አጥብቄ የምናገረው አለ፦ በዚህ ሣጥን ውስጥ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይገኛል፥ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በማጣሪያዎቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል። ካላስወጡትና በሜትር ካላረጋገጡ በቀር እጅ አይገባም።

«ባህላዊ መሣሪያን ከኤሌክትሪክ ማገናኘት ማበላሸት ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አልበም ክራሩን በኤሌክትሪክ አጉልቶ ክራርነቱን አላጠፋም። ጥያቄው ኤሌክትሪክ ገባ አልገባም አይደለም፤ ቀለሙን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው። በበገና ደርዳሪው ነበር። በተገዛው ሣጥን ውስጥ ግን ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ አገር የተቀመጠ መሐንዲስ መርጦ ጨርሷል።

ባለፈው ክረምት አንድ አዝማሪ ማጉያውን እንዲሞክርልኝ ለመንሁት። ምንም ሳላስረዳው ሁሉንም ማረፊያዎች ዞራቸው። ለዘለሰኛ ካፓሲተር የሌለበትን፥ ለጭፈራ 0.68ቱን ያዘ። የማስተካከያውን ዑደት ግን ካላቀቀው በኋላ እስከሚሄድ ድረስ መልሶ አላገናኘውም።