የማገገሚያ አስተባባሪ

የማገገሚያ አስተባባሪ በስዊድን በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚያግዝ የጤና ተቋም ሠራተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቮርድሴንትራል በሚባለው የአካባቢ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ በሙያው ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ አገሪቱን የከፈሉት 21 ክልሎች ይህን አገልግሎት ለሚያስፈልገው ታካሚ እንዲሰጡ ያስገድዳል።

ስዊድን ውስጥ ሕመሙ ከአንድ ሳምንት ካለፈ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራው ፎርሼክሪንግስካሳን የተባለው የማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተደነገገው ሥርዓት እስከ 90ኛው ቀን የሚመዘነው ሰውየው የራሱን ሥራ መሥራት መቻሉ ነው። ከዚያ እዚያው ድርጅት ውስጥ ያለ ሌላ ሥራ ይታሰባል። ከ180 ቀናት በኋላ ደግሞ፣ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ ምዘናው ከድርጅቱ ውጭ ወዳለው የሥራ ገበያ ይሰፋል። ስለዚህ በቀጠሮ ጥበቃ የባከነ ወር ለታማሚው ውድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መረጃው ከተበታተነበት ነው። ሐኪሙ ሕመሙን እንጂ የሥራ ቦታውን አያውቅም፤ አለቃው ሥራውን ቢያውቅም የሕመሙን ምንነት የማወቅ መብት የለውም፤ የመድን መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ወረቀት ነው። በድባቴ ወይም በጭንቀት የደከመ ሰው በሦስቱ መካከል መልእክተኛ እንዲሆን መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። አስተባባሪው ይህን ሸክም ይወስዳል፦ ታካሚውን ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠይቃል፤ ታካሚው ከፈቀደ ከአሠሪው ጋር ያገናኘዋል።

ወገቧን የታመመች የአረጋውያን ተንከባካቢን እንውሰድ። ማስረጃው 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 በመቶ ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ግማሽ ቀን እየሠራች ማገገም ትችላለች። ይህ የሚያዋጣው ግን አረጋውያንን ለብቻዋ ማንሳቷ ሲቀር፣ ማንሻ መሣሪያ ወይም ረዳት ሲመደብላት ነው። ያለበለዚያ የሥራ ሰዓቷ እንጂ ሕመሙ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ወዲህ ሕመሙ 60 ቀን ሊደርስ ይችላል ተብሎ ከተገመተ፣ አሠሪው እስከ 30ኛው ቀን ድረስ የመመለሻ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት። ያ ዕቅድ በሐኪሙና በአለቃው መካከል ንግግር ሳይኖር ሲጻፍ ባዶ ቅጽ ሆኖ ይቀራል።

የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ግምገማ በተለያዩ አገሮች የተሞከሩ የማስተባበር መርሐ ግብሮችን መርምሮ፣ ከተለመደው አሠራር የተሻለ ውጤት አላገኘባቸውም። ይህ በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባል፤ አስተባባሪ መመደብ ብቻውን የሥራ ቦታውን አይለውጥም። አስተባባሪው የሕመም ማስረጃ የመጻፍም ሆነ ክፍያ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ሥራ አጥ ለሆነ ታካሚ ደግሞ የሚያነጋግረው አለቃ ስለማይኖር፣ አስተባባሪው ፊቱን የሚያዞረው ወደ መንግሥታዊው ሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት ነው።