ስምንት አስከሬን፣ አንድ ወሬ

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን «አብሰንስ ኦፍ ማሊስ» የተባለውን የሲድኒ ፖላክ ፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ማያሚ ውስጥ አንዲት ጋዜጠኛ፣ መርማሪው ሆን ብሎ ጠረጴዛ ላይ የተወላትን ፋይል አንብባ «እገሌ በወንጀል እየተመረመረ ነው» ብላ ትጽፋለች። አልዋሸችም፤ ምርመራው አለ። ሰውየው ግን ንጹሕ ነው። የፊልሙ ደራሲ ከርት ሉድትክ ራሱ የጋዜጣ አዘጋጅ ስለነበር ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል፦ እውነተኛ መረጃም የሐሰት ክስ ሊሸከም ይችላል።

ጋምቤላ ይህን ያየችው በፊልም አይደለም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መኪና ላይ ደፈጣ ተጥሎ 8 ሰዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ገባ፤ ሕዝብም አየው። እስከዚህ ያለው ሁሉ እውነት ነው። አብሮ የተዛመተው ወሬ ግን «አኝዋክ ገደላቸው» የሚል ነበር። የትኛው አኝዋክ? የተጣራ ነገር አልነበረም። ጥቂት የታጠቁ አኝዋኮች አድርገውት ቢሆን እንኳ፣ ቤቱ የተቀመጠው አስተማሪ ወይም ተማሪ ምን አገባው? ክሱ ከሰው ስም ወደ ብሔር ስም ሲሻገር፣ እዚያው ላይ ሐሰት ሆነ።

የተከተለውን ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት መዝግቦታል፦ ወታደሮችና አብረዋቸው የወጡ ደገኛ ነዋሪዎች አኝዋክ ወንዶችን እያደኑ ገደሉ፤ ቤት አቃጠሉ። ድርጅቱ የሟቾቹን ቁጥር እስከ 424 ያደርሰዋል። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ግን 65 ነው ያለው።

ጋዜጠኝነትስ የት ነበር? አንዱ ሚኒሶታ ተገኘ። እዚያ የሚኖሩ አኝዋኮች ከዘመዶቻቸው በስልክ የሰሙትን ዳግ ማክጊል ለሚባል ጋዜጠኛ ነገሩት። እሱም ሰው እየጠየቀ በዚያው ወር ጻፈው። እንግዲህ ወሬውም ዜናውም ከሰው አፍ ነው የወጣው። ልዩነቱ፣ አንዱን «ማን አየ? የት? መቼ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ነበር፤ ሌላውን የጠየቀው አልነበረም።

ነገሩ በ1996 አላበቃም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማን አጠቁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከጥቃቱ በኋላ ቢያንስ 50 ሲቪሎች በክልሉ የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ይፋ አደረገ። ክሱ በዚህ ጊዜ «ከሸኔ ጋር ተባብራችኋል» የሚል ነበር። አሁንም ጥቃቱ እውነት ነው፤ አሁንም ማጣራት ሳይኖር ቅጣቱ ቀደመ።

ዛሬ አስከሬን የሚታየው አደባባይ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይም ነው። ፎቶ ሲደርሳችሁ «ፎቶው እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ የተጻፈውን የብሔር ስም ግን ማን አጣራው?