ፋቤላ፦ በቋንጃ የተሸሸገች አጥንት

የጉልበት ራጅ፣ ከጎን የተነሳ

ከጭን አጥንቱ ጫፍ በስተኋላ ለብቻዋ የምትታየውን ነጭ ነጥብ ይመልከቱ። የተሰበረ ስባሪ አይደለችም። ፋቤላ የምትባል፣ ባቄላ የምታህል አጥንት ናት፤ በባት ጡንቻ ውጫዊ ራስ ጅማት ውስጥ ታድጋለች። በሁሉም ሰው ላይ አትገኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን ጥናት እንደገመተው፣ በ1918 በ11 በመቶ፣ በ2018 ግን በ39 በመቶ ጉልበቶች ተገኝታለች፤ በመቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ መብዛቷ በእውነት ያስደንቃል።

አብዛኛውን ጊዜ አታምም። እግር ሲዘረጋ ከጭን አጥንት ጋር ከተፋተገች ግን ቋንጃን በውጪው ጎን ትወጋለች። ከፊት በተነሳ ራጅ የጭን አጥንቱ ስለሚጋርዳት በቀላሉ ትታለፋለች። ስለዚህ የሐኪሙ ጣት ይቀድማል፦ እሷኑ ሲጫን ያው የለመደው ሕመም ከተቀሰቀሰ፣ ጥርጣሬው ወደ ፋቤላ ይዞራል።